የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሱፐርክሮስ፣ ከስታዲየሙ አፈር እስከ ኮዬ ፈጬ ዋልካ

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከአዲስ አበባ ዙሪያ የደረሱን ናቸው። ሁሉም የሚያነሱት በስታዲየም ውስጥ የሚካሄደውን የሞተር ሳይክል ውድድር፣ ሱፐርክሮስን ነው። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች ጭብጣቸውን ሳንነካ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በስልክ የሱፐርክሮስ ቪዲዮ እናያለን። ከሞቶክሮስ በምን ይለያል? ውድድሩስ በአንድ ምሽት እንዴት ያልቃል?
አ.መ.፣ ሱሉልታ

መልስ፦ ሞቶክሮስ የመሬቱን ተፈጥሮ፣ ዳገትና ቁልቁለቱን ተከትሎ የሚነዳበት ውድድር ነው፤ አንዱ ዙር ወደ 2 ደቂቃ ይወስዳል። የሱፐርክሮስ ሜዳ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሰው ሥራ ነው። የስታዲየሙ ወለል በፕላስቲክና በኮምፔርሳቶ ይሸፈንና 500 ያህል ገልባጭ መኪና አፈር ይፈስበታል። ዝላዩ፣ ኩርባው፣ ተከታታይ ጉብታው ሁሉ ከዚያ አፈር ይቀረጻል። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል፤ ተወዳዳሪው በዚህ አጭር ጊዜ የሚያርፍበት ቀጥ ያለ መንገድ የለውም።

ይህ ዓይነቱ ውድድር መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1972 በሎስ አንጀለስ ኮሎሲየም ነው። ያን ምሽት ያሸነፈው ማርቲ ትራይፕስ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ሻምፒዮናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ አሁን ከጥር እስከ ግንቦት በ17 ዙር ይካሄዳል። ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ማታ ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር እሁድ ንጋት ላይ ይውላል። በዋናው በ450 ሲሲ ምድብ ቀን ላይ በሰዓት ተለክተው 40 ሰዎች ይመረጣሉ። ማታ ለሁለት ተከፍለው በማጣሪያ ይሮጣሉ፤ ከየማጣሪያው የመጀመሪያዎቹ 9 በቀጥታ ያልፋሉ። የቀሩት በመጨረሻው ዕድል ውድድር ለ4 ቦታ ይፋለማሉ። ስለዚህ በዋናው ውድድር መነሻ በር ላይ የሚሰለፉት 22 ናቸው፤ 20 ደቂቃ ነድተው አንድ ዙር ይጨምራሉ። የ250 ሲሲ ምድብ ደግሞ በምሥራቅና በምዕራብ ተከፍሎ የሚካሄድ ሲሆን ዋናው ውድድሩ 15 ደቂቃና አንድ ዙር ነው። በታሪኩ ብዙ ጊዜ ያሸነፈው ጄረሚ ማግራዝ ነው፦ በዋናው ምድብ 72 ድልና 7 የሻምፒዮንነት ዋንጫ።

ጥያቄ፦ ስድስት ሆነን ኮዬ ፈጬ አቅራቢያ 80 በ60 ሜትር የሚሆን ቦታ ተከራይተናል። መሬቱ ዋልካ ነው። ትሪፕል (ሦስት ጉብታ በአንድ ዝላይ የሚሻገሩበት) ያለው ትንሽ የልምምድ ሜዳ ለመሥራት ስንት ሲኖ አፈር ያስፈልገናል? ልኩስ እንዴት ይሁን?
ስ.ግ. እና ጓደኞቹ

መልስ፦ ከአፈሩ እንጀምር፤ በዚህ ስፖርት ከሞተሩ ጉልበት በፊት የሚታየው አፈሩ ነውና። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የዝላይ መነሻ በዋልካ ብትሠሩ በበጋው ፀሐይ ፊቱ ተሰነጣጥቆ ይፈረፈራል። ጎማው ከመነሻው ከንፈር በሚለቅበት ቅጽበት አንድ ቁራሽ ከተነሳ ሞተሩ አየር ላይ ወደ ጎን ይጋደማል፤ ያኔ ማንም ነጂ ሊመልሰው አይችልም።

የምትፈልጉት ቀይ አፈር ነው፤ በእንጦጦ ግርጌና በቡራዩ በኩል የቤት መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው ዓይነት። ከመግዛታችሁ በፊት እፍኝ አፈር በጥቂቱ አርጥባችሁ ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን ይዞ ከቀረ፣ በአውራ ጣት ስትጫኑት ደግሞ ሁለት ሦስት ቦታ ከተሰበረ ደህና ነው። ሳይሰበር ከተለጠጠ ሸክላው በዝቷል፤ ቅርጽ ሳይዝ ከፈሰሰ አሸዋው በዝቷል። የበለጠ ለማረጋገጥ በማር ጠርሙስ ሲሶ አፈር፣ የቀረውን ውሃ፣ ቁንጥር የልብስ ሳሙና ዱቄት ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁና አስቀምጡት። አሸዋው በ1 ደቂቃ ያህል ጊዜ ይወርዳል፣ ደለሉ በጥቂት ሰዓታት፣ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ከጠለለ በኋላ አሸዋው ወደ ግማሽ የሚጠጋ፣ ሸክላው ከሩብ እስከ ሲሶ የሆነውን ውሰዱ። ሸክላው ከዚያ ከበለጠ ለ4 እጅ አፈር 1 እጅ የወንዝ አሸዋ ቀላቅሉበት።

ቀይ አሽ ርካሽ ስለሆነ ለላይኛው ንጣፍ ሊያጓጓችሁ ይችላል፤ አታድርጉት። ጠርዙ ስለታም ነው፤ የወደቀን ሰው ቆዳ ይገሸልጣል፣ ከኋላ ጎማ ሲወነጨፍም ተከትሎ የሚመጣውን ፊት ይመታል። ቦታው ከሥር ነው። የዋልካውን የላይኛ ሣርና ሥር ግፈፉ፤ 20 ሴ.ሜ ቀይ አሽ ወይም ገረጋንቲ አንጥፋችሁ በሮለር አስጨፍልቁ፤ በላዩ 30 ሴ.ሜ ቀይ አፈር አልብሱት። የሥረኛው ንጣፍ ውሃውን ወደ ጎን ካላስወጣ ዋልካው ከታች አብጦ በአንድ ክረምት ሜዳውን ያጎብጠዋል። ስለዚህ መንገዱን ወደ አንድ ጎን በ100 ሴ.ሜ ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ አዘንብሉት፤ በዝቅተኛው ጎን 50 ሴ.ሜ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 300 ሜትር ርዝመት፣ 6 ሜትር ወርድ፣ 30 ሴ.ሜ ውፍረት 540 ሜትር ኩብ ይሆናል። የተጫነ አፈር ሲጠቀጠቅ ስለሚያንስ ሩብ ጨምሩበት፤ 675 ሜትር ኩብ። አንድ ሲኖ 16 ሜትር ኩብ ከጫነ 42 ወይም 43 ምልልስ ነው። ሹፌሩ ሙሉ አለመጫኑን ለማወቅ የጭነት ሳጥኑን በሜትር ለኩት። አፈሩን በአንዴ ከምራችሁ አትጠቅጥቁ፤ በየ20 ሴ.ሜው ውሃ አርከፍክፋችሁ ሮለሩ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለስበት። ሮለር ከሌለ ሎደሩ አፈር እንደጫነ ይመላለስበት። ላይ ላዩን ብቻ የተጠቀጠቀ ጉብታ ከውጭ ያማረ ይመስላል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን መሐሉ ይሰምጣል።

አሁን ትሪፕሉ። አንመክረውም። በስታዲየም ያለው ትሪፕል ከመነሻው እስከ ማረፊያው 21 ሜትር ያህል ነው። በ35 ዲግሪ መነሻ ይህን ለመሻገር በሰዓት 53 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል፤ ነጂው ከመነሻው ከንፈር በላይ ከ3 ሜትር ተኩል የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይደርሳል። ፍጥነቱ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢያንስ ከ2 ሜትር በላይ ያጥርበታል። ያኔ ጎማው ቁልቁለቱ ላይ አያርፍም፤ የሞተሩ ሆድ የማረፊያውን ጫፍ ይመታል፣ ነጂውም በመሪው ላይ አልፎ ይወረወራል። የቁርጭምጭሚት፣ የእጅ አንጓና የአከርካሪ ስብራት በብዛት የሚመጣው በዚህ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ፍጥነት ከኩርባ ወጥተው በጥቂት ሜትሮች ውስጥ በየዙሩ እኩል አድርገው ያመጡታል፤ ዓመታት የፈጀባቸውም እሱ ነው።

በምትኩ መሐሉ የተደፈነ፣ እኛ ጠረጴዛ የምንለውን ዝላይ ሥሩ። ቁመቱ 1.2 ሜትር፣ የመነሻው ርዝመት በመሬት ላይ 3 ሜትር፣ ጠፍጣፋው አናት 5 ሜትር፣ ማረፊያው 4.5 ሜትር ይሁን። ወርዱ 6 ሜትር ሆኖ የጎንና ጎኑ ተዳፋት ሲጨመር የተጠቀጠቀው 74 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ 6 ሲኖ ይበቃዋል። በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ ሰው አናቱን ተሻግሮ ማረፊያው ላይ ይወርዳል። ያልደረሰ ደግሞ ጠፍጣፋው ላይ ያርፍና ያልፋል፤ ያንገጫግጨዋል እንጂ አይሰብረውም። የማረፊያው ቁልቁለት ከመነሻው ቀለል ያለና ረጅም መሆኑን ልብ በሉ። ብዙ ሜዳ ላይ ሰው መነሻውን አሳምሮ ማረፊያውን ይረሳል፤ ጉልበትና ወገብ የሚጎዳው ግን ማረፊያው ነው።

የትሪፕሉን ምት መልመድ ለምትፈልጉ ደግሞ 50 ሴ.ሜ ቁመት ያላቸው ሦስት ክብ ጉብታዎች በ3.5 ሜትር ርቀት ደርድሩ። ከአንዱ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ከአንዱ ወደ ሦስተኛው የመዝለሉ ምት እዚያ ይለመዳል። ቢያጥር ጎማው ተንከባሎ ያልፋል።

የኩርባው ግድግዳ ከ60 እስከ 80 ሴ.ሜ ከፍ ካለ ይበቃል። ጎን ለጎን በሚሄዱ መንገዶች መካከል ቢያንስ 3 ሜትር ተዉ፤ ከዝላይ ማረፊያ ጎን ደግሞ ከዚያም በላይ። መለያው ለከብት መኖ የሚሸጠው የታሰረ የጤፍ ጭድ ይሁን። ድንጋይ፣ የሲሚንቶ ቱቦና መሬት ውስጥ የተቀበረ ጎማ አይሁን፤ የተቀበረ ጎማ የእግር መርገጫውን ይይዝና ሞተሩን ይገለብጣል።

ሜዳው ውሃ የሚጠጣው በዋዜማው ማታ ነው። ለ1,800 ካሬ ሜትር በካሬ 5 ሊትር ሂሳብ 9,000 ሊትር፣ ማለትም አንድ የ10 ሺህ ቦቴ ይበቃል። ጠዋት የፈሰሰ ውሃ ከላይ ያንሸራትታል፣ ከሥሩ ግን አቧራ ይቀራል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ሜዳውን አሳርፉት፤ በእርጥብ ቀይ አፈር ላይ አንድ ቀን የተነዳ ጎማ የሚተወውን ቦይ ለመመለስ የሎደር ቀን ይጠይቃል። ሎደሩ ከመግባቱ በፊት የአካባቢው አስተዳደር የጽሑፍ ፈቃድ ይኑራችሁ፤ ጎረቤቶችም የምትነዱበትን ቀንና ሰዓት ይወቁ።

ጥያቄ፦ ነጭ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት ባንዲራ ሲውለበለብ ተወዳዳሪዎቹ መዝለል ያቆማሉ። ለምን?
ቤ.፣ ገላን

መልስ፦ ከዝላዩ ማዶ የወደቀ ሰውና የሕክምና ባለሙያዎች አሉ ማለት ነው። ባንዲራው ወይም ተመሳሳዩ መብራት ባለበት ቦታ ሁሉም ጎማውን ከመሬት ሳያነሳ እየተንከባለለ ያልፋል፤ መቅደምም አይቻልም፤ የጣሰ ይቀጣል። ለልምምድ ሜዳም ይህን ሕግ ውሰዱት። ማረፊያው ከመነሻው በማይታይበት ዝላይ ሁሉ አጠገብ ባንዲራ የያዘ አንድ ሰው ይቁም። ሰው ካነሰ ዝላዩ በገመድ ይዘጋ።

ጥያቄ፦ ባለሁለት ምት 125 ሞቶክሮስ ሞተር ሳይክል ለጥገና መጥቶልኛል። ከቡራዩ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ያፍናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላ በየቀኑ ይበላል። ባለቤቱ ዘይቱን ቀንስልኝ ይላል። ልቀንስ?
ጋራዥ ያለኝ፣ ቡራዩ

መልስ፦ ዘይቱን አይንኩ። ዘይት ሲቀነስ በዚያው መጠን ውስጥ ቤንዚን ይበዛል፤ ስለዚህ አፈናው ይብሳል፣ ፒስተኑም ቅባት ያጣል። 1 ለ 32 ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 156 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ እንዳለ ይቀጥል።

ችግሩ አየሩ ነው። በ2,600 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 73 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተሩ ደግሞ ከፋብሪካ የወጣው ለቆላ አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ማስተካከያው ቤንዚን የሚለኩትን ትናንሽ የነሐስ ጄቶች መቀየር ነው። ቁጥሩ የቀዳዳውን ስፋት የሚያመለክት ከሆነ ዋናውን ጄት 8 ከመቶ ያህል ያሳንሱ፤ 170 ከነበረ 158 ወይም በአቅራቢያው ያለውን። ጄትን በመርፌ ማስፋት፣ በብየዳ ማጥበብ የትም አያደርስም፤ ቀዳዳው ክብነቱን ያጣና ልኩ በየቀኑ ይለዋወጣል።

ዋናውን ከቀየሩ በኋላ አዲስ ካንዴላ አስገብተው በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ሰጥተው ረዘም ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ያስነዱ፤ ሳይለቁ ፍሪሲዮን ይዘው ሞተሩን ያጥፉና ካንዴላውን ይፍቱ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ገና ይቀነሳል። ለስለስ ብሎ የተቆላ ቡና መልክ ካለው ልክ ነው። ነጭ ከሆነ አንሷልና ወዲያው ይመልሱ። ቀጥሎ ነዳጁ በግማሽ ሲሰጥ የሚያፍን ከሆነ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን የመርፌዋን ቀለበት አንድ ጥርስ ወደ ላይ ያንሱ፤ መርፌዋ ዝቅ ስለምትል ቤንዚኑ ይቀንሳል። በመጨረሻ የአየር ቪቴዋ። ሞተሩ ሞቆ በባዶው ሲሠራ ዘግተው አንድ ዙር ተኩል ይፍቱ፤ ከዚያ ድምፁ ከፍ እስኪልና እስኪረጋጋ ያስተካክሉ። ለዚህ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ መፍታት ካስፈለገ ትንሿን የመነሻ ጄት በአንድ ቁጥር ያሳንሱ።

ሁሉም ልክ ቢሆን እንኳ የጠፋው ጉልበት አይመለስም። በየ300 ሜትሩ 3 ከመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ ሩብ የሚጠጋ ማለት ነው። በአሜሪካ 1,600 ሜትር ላይ ባለችው ዴንቨር ሱፐርክሮስ ሲደረግ እንኳ የፋብሪካ ቡድኖች ማስተካከያቸውን ይለውጣሉ። እዚህ የሚሻለው የኋላውን ባለጥርስ ክብ ከ49 ወደ 51 ጥርስ ማሳደግ ነው፤ ከኩርባ ሲወጣ ቶሎ ይነሳል። ካቴናው ሊያጥር ስለሚችል አስቀድመው ይለኩ።

ለባለቤቱ አንድ ነገር በጽሑፍ ይስጡት፦ ወደ አዳማ ወይም ወደ አዋሽ ይዞት ከወረደ የድሮው ጄት መመለስ አለበት። ለደጋ የተቀነሰ ጄት ቆላ ላይ ቤንዚን ያሳንሳል፤ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይነክሳል፣ የኋላ ጎማውም በሙሉ ፍጥነት ላይ ይቆለፋል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ የሆነው የሞቶክሮስ ሞተር በእኛ ከፍታ ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?
ዮ.፣ ሰንዳፋ

መልስ፦ በጉልበቱ በኩል እውነት ነው። አየር ስለማያቃጥል ከፍታ አይቀንሰውም። እ.ኤ.አ. በ2021 የተዋወቀው ስታርክ ቫርግ 80 የፈረስ ጉልበትና 6 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ እንዳለው ተገልጾ ነበር፤ ያ ጉልበት ሱሉልታም ላይ ያው ነው። ከ220 ቮልት፣ 10 አምፔር ሶኬት ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ወደ 3 ሰዓት ይፈጃል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ላሉ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለጀማሪ ደግሞ ጉልበቱን በማስተካከያው በጣም ዝቅ ሳያደርጉ ማስነዳት አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ባለ 250 ሲሲ ሞቶክሮስ ገዛሁ። ሻጩ «የሱፐርክሮስ አሞርዛተር አለው» ብሎ አወደሰልኝ። ሜዳ ላይ ግን እንደ ሳንቃ ደረቀብኝ፣ ትንሽ ጠጠር ሁሉ ክንዴን ይመታኛል። ክብደቴ 66 ኪሎ ነው።
ሄ.፣ ለገጣፎ

መልስ፦ ሻጩ የተናገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ግን ውዳሴ አልነበረም። የሱፐርክሮስ አሞርዛተር ከትልልቅ ዝላይ የሚመጣን ምት እንዲሸከም ሞላውም የዘይት መተላለፊያውም ጠንክሮ የሚሠራ ነው። በዝግታ ሲነዱት አይታጠፍም። ለጠጠርና ለትንንሽ ጉብታ ሜዳ የሞቶክሮስ ልክ ይሻልዎታል።

በመጀመሪያ ከፊት ያለውን አየር ያስተንፍሱ። ሞተሩን ማቆሚያ ላይ አውጥተው የፊት ጎማ ከመሬት ሲነሳ፣ ከፊት አሞርዛተሮቹ አናት ያሉትን ትናንሽ የአየር ቪቴዎች ከፍተው ይዝጉ። ባሕር ወለል ላይ የታሸገ አየር እዚህ ሲደርስ ከውጩ በሩብ ባር ያህል ይበልጣል፤ ይህ ብቻ ሊያደርቀው ይችላል። ሞላ የሌለው፣ በተጨመቀ አየር የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ግን ይህን አያድርጉ፤ እሱ በራሱ ፓምፕ በኪሎዎ ልክ ይሞላል።

ቀጥሎ የኋላው ልክ። አንድ ሰው ያግዝዎት። የኋላ ጎማ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ከጎማው መሐል ብሎን እስከ ኋላ መከላከያው ላይ ምልክት ያደረጉበት ነጥብ ይለኩ፤ 600 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ሞተሩን መሬት ላይ አውርደው ያለሰው ይለኩ። ከዚያ ቡትና ሄልሜት ሙሉ ለብሰው ተቀምጠው እንደገና ያስለኩ። ከሰው ጋር ከ100 እስከ 105 ሚሊ ሜትር መስመጥ አለበት፤ ማለትም ልኬቱ ከ500 እስከ 495 ይሆናል። በሞላው ላይ ያለውን ቀለበት እያጠበቁ ወይም እያላሉ እዚያ ያድርሱት። አሁን ያለሰው የሰመጠውን ይመልከቱ፦ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሞላው ለክብደትዎ ልክ ነው። ከ40 ከበለጠ ሞላው ለእርስዎ ጠንካራ ነው፤ ከ30 ካነሰ ለስላሳ ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይረዳዋል። ለስላሳ ሞላ ልኩን እንዲይዝ ብዙ ስለሚጠብቅ ባዶውን ሽቅብ ይቆማል። በ66 ኪሎ ክብደት የሱፐርክሮስ ሞላ ጠንካራ ሆኖ የመገኘቱ ነገር የሚያስገርም አይሆንም፤ ሞላው ይቀየር እንጂ ቀለበቱን በማላላት አይፈታም።

የዘይት ማስተካከያ ቪቴዎቹን መጨረሻ ላይ ይንኩ። እስኪዘጋ እየቆጠሩ የነበረበትን ይጻፉ፤ ከዚያ ከተዘጋው 12 ጠቅታ ከፍተው ይጀምሩ፣ በአንዴ 2 ጠቅታ ብቻ፣ በአንዴ አንድ ቪቴ ብቻ ይለውጡ። የጎማ ንፋስም ያረጋግጡ። ከ12 እስከ 14 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ0.8 እስከ 1 ባር ያህል ነው። ጎሚስታ ጋ እንደ መኪና 30 ከሞሉት አሞርዛተሩ ንጹሕ ቢሆንም ክንድዎን መምታቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ተከታታይ ጉብታው፣ ዉፕስ የሚሉት ላይ ባለሙያዎቹ እንኳ ይወድቃሉ። ምስጢሩ ምንድን ነው? 17 ዓመቴ ነው።
ና.፣ ሱሉልታ

መልስ፦ ነዳጁን መሐል ላይ መልቀቅ ነው የሚጥላቸው። በውድድር ላይ ጉብታው እስከ 90 ሴ.ሜ ይደርሳል። ነጂው ቆሞ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ሞተሩን በጉልበቱ አጥብቆ ይዞ፣ ብዙ ጊዜ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን ሳያወላውል ይሰጣል። የፊት ጎማው አናት አናቱን ብቻ እየነካ ያልፋል። ፈርቶ ነዳጁን በለቀቀ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ይዞራል፣ የፊት ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል፣ ቀጣዩ ጉብታም እንደ ግድግዳ ይቀበለዋል። አንተ በ30 ሴ.ሜ ቁመት፣ በ3 ሜትር ርቀት በተደረደሩ አምስት ጉብታዎች ጀምር። መጀመሪያ በሁለተኛ ማርሽ እየተንከባለልክ፣ እጅህን አላልተህ እለፍ። ክንድህ ከደነዘዘ የያዝከው በእጅህ ነው ማለት ነው፤ ጉልበትህን አጥብቅ።

ጥያቄ፦ በበጋ አቧራ የአየር ፊልትሮ በስንት ጊዜ ይታጠባል? መካኒኩ በቤንዚን አጥቦልኛል።
ከ.፣ ሆለታ

መልስ፦ አቧራማ ሜዳ ላይ ከተነዳ በየቀኑ። የስፖንጅ ፊልትሮ በቤንዚን ሲታጠብ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ስፌቱ ይከፈታል፤ በዚያ ክፍተት የገባ አቧራ ቀለበቶቹንና ሲሊንደሩን በጥቂት ሰዓት ይበላል። በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ ከዚያ በሞቀ ውሃና በሳሙና። ሳይጠመዘዝ ጨመቅ አድርጋችሁ ጥላ ሥር አድርቁት። የፊልትሮ ዘይት ቀብታችሁ ሁሉም ቦታ እኩል መልክ እስኪይዝ ጨምቁት። አፉ የሚቀመጥበትን ጠርዝ ግሪስ ቀቡት። ሁለት ፊልትሮ ኖሮ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ቢሠራ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ ሌት ተቀን የሚያወራው ስለዚህ ውድድር ነው። አልከለክለውም፣ ግን እፈራለሁ። ምን ልግዛለት? ከምን ይጀምር?
እናት፣ ሰበታ

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ገንዘቡንም በፍርሃትዎ ቅደም ተከተል ያውጡት። መጀመሪያ ሄልሜት፣ ሁለተኛ ቡት፣ ከዚያ የጉልበትና የደረት መከላከያ፣ መነጽር፣ ጓንት። ሞተሩ የመጨረሻው ነው። ሄልሜቱ አዲስ ይሁን፤ ያገለገለ ሄልሜት ውስጡ የተሰነጠቀ መሆኑ ከውጭ አይታይም። ኢሲኢ 22.06 የሚል የደህንነት መለኪያ ምልክት ይፈልጉ። ሲያጠልቀው ጉንጩን ይጫነው፤ ማሰሪያው ታስሮ ከኋላ ወደ ፊት ሲገፉት ከጭንቅላቱ መውለቅ የለበትም። «ያድጋል» ብለው ሰፊ አይግዙለት። ቡቱ ከጉልበት በታች ድረስ የሚደርስ፣ ጎኑ ጠንካራ የሞቶክሮስ ቡት ይሁን፤ የወታደር ጫማ ቁርጭምጭሚትን ከመጠምዘዝ አያድንም።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ለዕድሜው 85 ሲሲ የውድድር ሞተር ይባላል፤ ለጀማሪ ግን አንመርጠውም። ጉልበቱ ለጥቂት ጊዜ ተኝቶ ቆይቶ በድንገት ይነሳል፣ ልጁም ደንግጦ ነዳጁን ይበልጥ ይጠመዝዛል። ባለአራት ምት፣ ከ110 እስከ 125 ሲሲ የሆነ፣ ጉልበቱ ቀስ ብሎ የሚመጣ ይሻላል። ተቀምጦ የሁለቱም እግሮቹ ጣቶች መሬት ይንኩ። የመንገድ ሞተር ገፍፎ ለሜዳ ማዘጋጀት ግን ይቅርብዎ፤ አሞርዛተሩ አጭር፣ ቸርኬው ለዝላይ ያልተሠራ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አይዝለል። ሁለት አሮጌ ጎማዎች በ10 ሜትር ርቀት አስቀምጣችሁ በስምንት ቁጥር ይዙር፤ ቆሞ መንዳት፣ የፊትና የኋላ ፍሬን ለየብቻ መያዝ፣ በኩርባ ውስጥ እግር ዘርግቶ ማውጣት ይልመድ። ዝላይ ሲጀምር ጠረጴዛውን ለብዙ ቀን በመንከባለል ብቻ ይለፈው።

ሜዳ ሲሄድ ትልቅ ሰው ከእሱ ጋር ይኑር፤ ስልኩም የተሞላ ይሁን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ወድቆ ካልተንቀሳቀሰ ወይም አንገቴን ካለ አያንሱት፣ አይጎትቱት። እየተነፈሰ ከሆነ ሄልሜቱን አያውልቁ፤ መነጽሩን ብቻ ያንሱና አንገቱ እንዳይዞር ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ይደግፉ፤ ሌላ ሰው ይደውል። ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ወይም ስለ ወደቀበት ሁኔታ ማስታወስ ካቃተው የዚያ ቀን መንዳት አልቋል፤ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ጭንቅላቱን የመታበት ሄልሜትም ምንም ጭረት ባይታይበት ይጣል፤ ሌላ ልጅ አንስቶ እንዳያጠልቀው ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጠው ይጣሉት።